ሁለት ግማሽ ኩንታል

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ አንዳርጌ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ እንቅልፍዎ እንዴት ነው? እማዬስ እንዴት ናት? የቢቸና ብርድ ዘንድሮ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ልጅዎ ስመኝ፣ ከናፍቆታችሁና ከታናሽ ወንድሜ ከእሱባለው ነገር በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ናፍቆቱንስ ችዬዋለሁ፤ ልጅዎን ግን አልቻልኩትም።

እንደሚያውቁት ሁለታችንም ወረታ አንድ ሩዝ መፈልፈያ ውስጥ ነን፤ እሱ ጫኝና አውራጅ፣ እኔ የጆንያ አፍ ሰፊ። ዘንድሮ የፎገራ ሩዝ እንደ ጉድ ስለያዘ ከይፋግ ሳይቀር እየተጫነ ይመጣል። በኅዳር፣ ሥራው ምናችንን እንደሚጎዳ የሚያጠና ባለሙያ መጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ስናጎነብስና ስንነሣ እየቆጠረ፣ የመኪናውን ከፍታ በሜትር እየለካ ዋለ። ጫኝና አውራጆቹን የት የት እንደሚያማቸው ቢጠይቃቸው ሁሉም ምንም አያመንም አሉት። አሥራ አንድ ሰው! ቅባት ሳይቀቡ የማያድሩ ሰዎች! ወገቤን ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ። አላፈርኩም፤ ጆንያውን ከመሬት አንሥተው አግዳሚ ላይ አደረጉልኝ፤ አሁን ቆሜ እሰፋለሁ፣ ቀና ብዬም ቤቴ እገባለሁ።

የመፈልፈያው ባለቤት አቶ አዛናው፣ እውነቱን ልናገርና፣ የተባለውን ሁሉ አደረገ። ከመሬት ወደ አይሱዙ ማንሣቱ እንዲቀር ከመኪናው ወለል እኩል የአፈር መደብ አስደለደለ። የመቶ ኪሎውን ጆንያ አስቀርቶ ሃምሳ ሃምሳ አደረገው። እሰይ ብዬ ሳልጨርስ፣ ልጅዎ በመጀመሪያው ቀን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሁለቱን ግማሽ ኩንታል ደራርቦ ተሸከመ! ግማሽ የሴት ሸክም ነው አለ። ሴት ምን እንደምትሸከም እሱ መቼ አየ! ከዚያማ ባልደረቦቹ፣ አንለይ እና ያየህ፣ ተከተሉት፤ አሁን አንዱን ብቻ የሚሸከም ቢኖር ይሳቅበታል። ባለሙያው ተመልሶ ሲያይ ራሱን ይዞ ቀረ። የላይኛው ጆንያ ስለሚንሸራተት አንገታቸውን አጣመው ነው የሚሄዱት፤ ይህ ከድሮውም ይብሳል አላቸው። ማን ሰምቶት! ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

አባዬ፣ ከገና ወዲህ እሱባለው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር አልቻለም። ሰው እንዳያይበት ከገለባው ክምር ጀርባ የማስርለት እኔ ነኝ። ገና ሃያ አራት ዓመቱ ነው! ተው ስለው፣ አባቴ በእኔ ዕድሜ ኩንታል ተሸክሞ ዳገት ይወጣ ነበር፣ አንድ ቀን እህ ሲል አልሰማሁም ይለኛል። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ እኔ ግን መከራ እስኪመክረው ቆሜ አላይም።

አይቆጡኝ አባዬ። እህ ሲሉ እሱ አልሰማም፤ እኔ ሰምቻለሁ። ማለዳ ማለዳ ጓዳ ገብታችሁ እማዬ ወገብዎን በመቀነቷ ስታስርልዎ አይቻለሁ። ብርድ ነው ይሉን ነበር። ብርድ እንዳልነበረ ግን ያውቃሉ። እባክዎ ይህንኑ በገዛ እጅዎ ይጻፉለት። የእኔን ምክር ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎታል፤ የእርስዎን አንድ መስመር ግን በኪሱ ይዞት ይዞራል።

ለአክስቴ ለእናኑ፣ ለእህቴ ለልዕልት ከነልጆቿ፣ ለጎረቤታችን ለአባ ተክለ ማርያም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እሱባለውም ደኅና ነው በይልኝ ብሏል። እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ መቀነቷ አርጅቶ ከሆነ አዲስ ገዝቼ እልክላታለሁ። ለእሱባለው ግን መቀነት አያስገዙኝ።

ልጅዎ ስመኝ አንዳርጌ
ወረታ፣ ጥር 19 ቀን 1999 ዓ.ም.