የእማዬ አዲሱ ኮዳ

ረቡዕ፣ ኅዳር 15 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ቦንጋ

ለእማዬ ኮዳ አይበረክትላትም። ሆስፒታል የታመመ ልትጠይቅ ስትሄድ ውሃ ሞልታ ትይዛለች፤ ከሩቅ፣ ከቢታ ገነት የመጣ፣ ጠያቂ የሌለው በሽተኛ ካየች ከነኮዳው ሰጥታው ባዶ እጇን ትመለሳለች። ዘንድሮ ብቻ ሦስት ሰጥታለች።

ዛሬ ጋሽ ሰይድ ሱቅ ሄጄ ጠንካራ ኮዳ እንዲመርጡልኝ ጠየቅኳቸው። የብረቱን አንስተው ሲሚንቶው ላይ ለቀቁት፤ ምንም አልሆነም። "ይሄንን የልጅ ልጆችሽም ይጠጡበታል" አሉኝ።

ቤት ስገባ፣ ይሄኛውን እንኳ እንዳትሰጥ ብዬ በምስማር ስሟን ጻፍኩበት። እማዬ አገላብጣ አየችውና ፊቷ በራ።

"ደግ አደረግሽ! የጠጣበት ሰው ማንን እንደሚመርቅ ያውቃል።"

ምስማሩን መልሼ አነሳሁና ስሟን አደመቅኩት።