አሊስተር በዋሻው ውስጥ የነገረኝ

ለእህቴ ለሞራግ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የፐርዝ ሙቀት እንቅልፍ ይሰጥሻል ወይ? የባልሽ የትሬቨር ደም ግፊት ረገብ አለለት? ልጅሽም የልጅ ልጆችሽም ደህና ናቸው ብዬ ልመን። እኔ አለሁ፤ መኖር ከተባለ። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፄ አያስጨርሰኝም። በስተርጅና ብዕር የያዘ እጅ ግን ቀስ ቢልም ይጨርሳልና ታግሰሽ አንብቢው።

ባለፈው ሳምንት ወንድማችን አሊስተር፣ "ሐዲዱ በተነቀለበት መንገድ ድንኳን ይዘን እንውጣ" አለኝ። ካንሰሩ ጉበቱ ከገባ ወዲህ ከአልጋው እስከ በሩ የሚደክመው ሰው ነው። "በምን እግርህ?" ብለው "በባትሪ እግር" ብሎ ሳቀ። የዱኒዲን ሐኪሞች አዲስ መድኃኒት ሊጀምሩለት ቀጥረውት ስለነበር፣ ከዚያ በፊት አየር ሊቀበል ፈልጎ ነው ብዬ ደስ አለኝ። እንደ ሞኝ ኬክ ጋገርኩ።

የኤሌክትሪክ ብስክሌቶቹን ያከራየችን ሚሪያማ የምትባል ሴት ናት። አሊስተርን ለብቻው አናግራ ስታበቃ አቅፋው ዓይኗን ስትጠርግ አየሁ፤ ለሁሉም እንዲህ የምትሆን መሰለኝ። "አክስቴ፣ ኃይሉን እስከ መጨረሻው አትክፈቺው፤ ነፋስ ከመጣ ባትሪው መንገድ ላይ ያልቅብሻል" አለችኝ። ለእሱም ነገረችው። እሱ መቼ ሰው ሰምቶ ያውቃል።

አባታችን ዕድሜውን ሙሉ ሐዲድ ሲጠግን የኖረበት መንገድ ዛሬ ጠጠር ብቻ ነው። ስለ ሐኪሞቹ ላነሳበት በተጠጋሁት ቁጥር ይፈተለካል። ቆዳና አጥንት ሆኗል፤ ሞተሩ ግን ያበረዋል። መንገዱን በሚያቋርጡት የበጎች አጥር በሮች ላይ ይጠብቀኝና መዝጋቱን ለእኔ ትቶ፣ "ኤልሲ፣ የከሰል ባቡር እንኳ ካንቺ ይፈጥን ነበር" ብሎ እንደገና ይነጉዳል። ጎረምሳ ሳለም እንዲህ አላመለጠኝም። ማታ ድንኳኑን ከተከልን በኋላም አፌን በከፈትኩ ቁጥር ጨው አቀብዪኝ ይላል፤ ከሾርባው ግን አንድ ማንኪያ ቀምሶ ተወው።

በማግስቱ ነፋሱ ፊት ለፊት መጣ። ገደሉ ዘንድ ስደርስ አሊስተር ባቡሩ ያልፍበት በነበረው ዋሻ አፍ ላይ ብስክሌቱን ተደግፎ ቆሟል። ባትሪው አልቋል። "በይ ሳቂብኝ" አለ። አልሳቅኩም። የእኔን ሰጥቼው የእሱን ያዝኩ፤ ባትሪ የሌለው ብስክሌት እንደ በድን ይከብዳል። በዋሻው ሰው ሁሉ ወርዶ ነው የሚሄድ፣ መብራት የለውም። የእጅ ባትሪዬን ላበራ ስል "ተይው" አለኝ። ከዚያ በጨለማው ውስጥ፣ "ዱኒዲን አልሄድም። ቀጠሮውን ሰርዤዋለሁ። ፊትሽን እያየሁ መናገር አቃተኝ" አለኝ። ለሚሪያማ ግን ነግሯት ኖሯል። ለባዳ፣ ለብስክሌት አከራይ። እናታችንን ያስታመምኩ፣ አባታችንን የቀበርኩ፣ የእሱን ትውከት ሌት ተቀን የምጠርግ እኔ ሁለተኛ ሆኜ ሰማሁ።

ለመንኩት። እኔን ለማን ትተህ ብለው፣ "ለማንም፤ አንቺን ማን ይችልሻል?" አለኝ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግድግዳውን ይዤ አለቀስኩ። ከኋላችን የመጡ ሰዎች ምን ሆና ነው ብለው ቢጠይቁ "አቧራ ገብቶባት ነው" አላቸው። ከዋሻው ስንወጣ በእኔ ብስክሌት ላይ ወጥቶ ሄደ። ጠራሁት፤ ድምፄን ነፋሱ ወሰደው።

አሁን በጓዳው በኩል ባለው ክፍል ተኝቷል። ልታሳምኚው አትምጪ፣ እኔ ሞክሬ አልሆነም። የምትመጪ ከሆነ ግን የጁን በረዶ ሳይደርስ ነይ። አውቃለሁ፣ "ዘንድሮ እመጣለሁ" ስትዪ ፀጉርሽ ሸብቷል። አልወቅስሽም ልል ነበር፤ እወቅስሻለሁ። ከእሱ በኋላ በዚህ ቤት ሻይ ጠጣሽ ወይ የሚለኝ ሰው የለም። ጠዋት ለምን እንደምነሳ አላውቅም።

ለትሬቨር ሰላም በዪልኝ፤ ጨው ይቀንስ። ለልጅሽ ለከርስቲ፣ ለሁለቱ መንታዎቿም ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ መልኬን ባያውቁትም ስሜን ንገሪያቸው። አሊስተርም ሰላም ብሎሻል። "ደህና ነው ብለሽ ጻፊላት፣ ሌላ አትጨምሪ" ብሎኛል። እሱ ያለውን ጽፌልሻለሁ፤ የቀረውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

እህትሽ ኤልስፐት (ኤልሲ)
ራንፈርሊ፣ ማርች 9 ቀን 2023