ቅሬው ሳይጠራ የተተከለ ድንኳን

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሁዘይፋ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። የዱባይ ሙቀት በረድ ብሎልህ፣ በሞተርህ ምግብ ስታደርስ ስትውል አላህ ከመኪና ጠብቆህ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትህም በሕይወት አለች። ይህ በደብዳቤ የሚጻፍ ነገር አልነበረም፤ ዘንድሮ ግን እኔ ባደረግኩት ምክንያት መጻፍ አለበት።

ያን ዕለት ጧት እያለቀስክ ስትደውልልኝ «አጎቴ፣ ታዲያ ድንኳኑን የተከለው ማነው?» ብለህ ጠየቅከኝ። እኔ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ይቆራረጣል» አልኩህ። አልተቆራረጠም። ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ድንኳኑን የተከልኩትም እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስትደውል ስለ አየሩ፣ ስለ ሥራህ እያወራሁ አሳልፌሃለሁ። በአፌ እንደማልነግርህ ስለገባኝ ተቀምጬ እጽፋለሁ፤ ስጨርስ ፎቶ አንስቼ በዋትሳፕ እልክልሃለሁ።

የአባትህን ወንድም ልጅ ሙንዚርን አትቆጣው። እናትህ ሞተች ብሎ የደወለልህ ያየውን አምኖ ነው። እኔም እዚያው ቆሜ አምኛለሁ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። በነሐሴ በሰው የላክኸው ዕቃ ሲደርሰኝ እንደ ልጅ ነው የተደሰትኩት። ድንኳኑና በሁለት ዛፍ መሀል የሚታሰረው የጨርቅ አልጋ። «አንዱን ምረጥና ሌላውን ለእኔ አስቀምጥልኝ፤ ስመጣ በሞተር እስከ ባቲ ወርደን ሜዳ ላይ እናድራለን» ብለህ ነበር። ሁለቱንም ግቢያችን ውስጥ ሞከርኳቸው። አልጋውን ከኮኩ ዛፍ ወደ በረንዳው ምሰሶ አስሬ ስጋደም ፊርደውስ ከኩሽና ብቅ አለች።

«ተሸካሚዎቹ የት ሄዱ?» አለችኝ።

«የምን ተሸካሚ?»

«ቃሬዛ ላይ ተኝተህ የለ እንዴ!»

ድንኳኑን ስተክል ደግሞ «አንተ ሰውዬ፣ ጎረቤት ነጠላ ዘቅዝቆ ሳይመጣብን አውርደው» አለች። ሚስት እንዲህ ስትል ባል ይስቃል። እኔም ሳቅኩ።

ለሞተር የሚቀለው አልጋው ነው። ተጠቅልሎ ከአንድ ጋቢ አይበልጥም። ድንኳኑ ከነብረቱ ከኋላ ሲታሰር በግራም በቀኝም ይወጣል፤ ፒያሳ ላይ የአንዲት ሴት ዘንቢል ይዤባት ሄጄ ተሰድቤያለሁ። አልጋው ግን ዛፍ ይፈልጋል፤ ብርዱንም ከስር ያስገባል። ለደሴና ለገራዶ አይሆንም። ለኮምቦልቻ ይሆናል።

ይህን እንዴት አወቅኩ? መስከረም ከጠባ ወዲህ በየሳምንቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እናትህን የምጠይቅ መስዬ ለፊርደውስ «ገራዶ ሄጄ እትዬን አይቻት ልምጣ» እላታለሁ። ከቤት እወጣና ሞተሩን ወደ ገራዶ ሳይሆን ወደ ሐረጎ ቁልቁለት አዞራለሁ። ኮምቦልቻን አለፍ ብዬ ቦርከና ወንዝ ዳር፣ ሁለት ግራር መሀል አልጋዬን አስሬ እተኛለሁ። ፀሐይ ስትበርድ እመለሳለሁ። ማታ ስትደውልልኝ «አይቻት መጣሁ፣ ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች» እልሃለሁ። ሰላምታውን የምፈጥረው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን «ሚስት ፈልግ ብላሃለች» አልኩህ፤ ብዙ ሳቅክ፤ «እሷ መቼም አትተወኝ» አልክ። እሷ አላለችም።

አንድ ነገር ግን ያስደነግጠኝ ነበር። በሙንዚር ስልክ አግኝተሃት «አጎትህማ ይመጣል፣ አይቀርም» እንዳለችህ ነገርከኝ። እኔ ሳልሄድ እሷ መጣ ትልህ ነበር። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። በማለቷ ተመቸኝና ተኛሁበት።

የማልሄደው ስለጠላኋት አይደለም። በሰኔ መጨረሻ ያየኋት ዕለት ደጃፏ ላይ አስቀምጣኝ «ዘይኑ፣ ዓይኔን ሞራው ጨርሶ ሸፈነው። እሳት ስቆሰቁስ እጄን ነው የምማግደው። ደሴ ውሰደኝና ከእናንተ ጋር ልቀመጥ፤ ሐኪሙም እዚያው ነው» አለችኝ። እናታችን ስትሞት እኔ ገና አልቆምኩም ነበር። እትዬ አባትህ ቤት በሙሽርነት ስትገባ እኔን አዝላ ነው የገባችው፤ ይህን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። እኔን ደግሞ በዕድሜዋ የጠየቀችኝ ይኸው አንድ ነገር ነው። እኔ «ፊርደውስን ላማክራት» አልኩ።

አላማከርኳትም። ቤቱ ጠባብ ነው፣ መውጫው ደረጃ አለው እያልኩ ለራሴ ምክንያት ስሰጥ ከረምኩ። እውነቱ ሌላ ነው። ከፋብሪካው ሥራ ከወጣሁ ወዲህ የእኔ የምለው ነገር ያች ሞተር ሆናለች። ቤቱ ውስጥ ዓይኗ የማያይ እህት ካለች ሰው በፈለገው ሰዓት ተነስቶ አይወጣም። ይኸው ነው።

ባለፈው ሐሙስ ሳምንት ደውለህ «አጎቴ፣ በአላህ፣ ዓይኗን ሐኪም ይይላት» ስትለኝ ከዚህ በላይ መሸሽ አቃተኝ። በዚያው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ሞተሬን አስነስቼ ወደ ገራዶ ሄድኩ። የምላትን መንገድ ላይ አዘጋጅቼዋለሁ፤ «ፊርደውስ አልተስማማችም» ልላት ነበር። ሚስቴ ምንም የማታውቀውን ነገር።

ስደርስ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሆኗል። ኩራዟን ሳያት እግሬ አልሄድ አለ። እዚያ ገብቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ያቀረበችልኝን በልቼ እንዴት እምቢ እላታለሁ? ጧት ቆሜ ነግሬያት ብሄድ ይሻላል አልኩ። እንዳትሰማኝ ሞተሩን አጥፍቼ ከቤቷ በላይ እስካለው አውድማ ድረስ ገፋሁት። ከገለባው ክምር ኋላ ድንኳኑን ተከልኩና ገባሁ።

ድንኳንህ አረንጓዴ ነው። ሰው ሲሞት የሚተከለው የቅሬው፣ የቀብር ዕድሩ፣ ሸራም አረንጓዴ ነው። የቅሬ ድንኳን ሲተከል ዕድሜዬን ሙሉ ካስማ የያዝኩ ሰው ይህን አላሰብኩትም።

ጎህ ሲቀድ ከማዶ ላየ ሰው ከክምሩ በላይ የድንኳኑ ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው። አገሩን ታውቀዋለህ። ከድንኳኑ በታች ባለው ግቢ ውስጥ ያመማት ማን እንደሆነች የታወቀ ነው፤ ጠሪ ሳይጠብቅ መድረስ ደግሞ ደንብ ነው። ማንም ቆሞ ማን ሞተ አይልም። ለቅሶውን ከመንገድ ጀምሮ ነው ይዞ የሚመጣው።

እኔን የቀሰቀሰኝ የጎረቤቷ የኩኩ ድምፅ ነው። «ዘሀራዬ! የደጋጎቹ አውራ! ጨው ባጣሁ ማንን ልጥራ!» ትላለች። ከኋላዋ ሌሎች ሴቶች ይቀበላሉ። ጫማዬን ሳላደርግ ከድንኳኑ በጭንቅላቴ ወጣሁ። የመንደሯ ሰው ጋሽ ቀለሙ አካፋ በትከሻው ይዞ ፊት ለፊቴ ቆሟል። መቃብር ሊቆፍር ነው የመጣው።

«ማነህ አንተ?» አለኝ።

«ዘይኑ ነኝ።»

አካፋውን ጥሎ አቀፈኝ። «ወንድሜን! እግዜር ያጽናህ! ቀድመህ ደረስክላት!»

«ጋሽ ቀለሙ፣ ዘሀራ የሚሉት ማንን ነው?»

«እህትህን ነዋ!»

አመንኩ። እኔ እዚህ ተኝቼ እሷ ከታች ብቻዋን ሞታለች አልኩ። ጮህኩ፤ ደረቴን መታሁ። ያን ጊዜ ነው ሙንዚር ክምሩ ላይ ወጥቶ ለአንተ የደወለው፤ ወንድሟ እያለቀሰ እያየ ምን ይጠራጠራል? በዚያች ቅጽበት ከለቅሶው ሌላ የተሰማኝ ነገር አለ። እሱን ለፊርደውስም አልነገርኳትም። ለአንተም አልጽፈውም።

ከዚያ እናትህ በትሯን እየቆረቆረች ወጣች።

«ኧረ ጀማው፣ ማነው የሞተብን?» አለች።

ኩኩ «በስመአብ!» ብላ ቁጭ አለች።

«ኩኩ ነሽ? ማንን ነው የምታለቅሽ?»

«አንቺን ነዋ!»

«እኔን? ታዲያ ምነው አቋረጥሽው፣ ደግነቴን ገና ስትጀምሪ?»

ሰው በእንባው ላይ ሳቀ። ኩኩ «ቱ! ሁለተኛ አላለቅስልሽም፤ ይህችኑ ያዢያት» አለቻት። እናትህም ሳቀች። ከዚያ ግን «ድንኳን አያችሁ ወይ? ማን ተከለው?» ስትል ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አልኩ።

«ዘይኑ» አለች። አልደነገጠችም። «ማታ ሞተሯ ስትጠፋ ሰምቻለሁ። ይመጣል ብዬ በሩን ሳልቀረቅረው ነው ያደርኩት።»

ይህን ስትል ቀለሙ አየኝ። «እህትህ ቤት አናት ላይ ሆነህ ሜዳ አደርክ?» አለ። «ሰው የለህም እንዴ አንተ?» ከማዶ መንደር የመጡት ሽማግሌዎች መሬት መሬቱን ያያሉ። የእናቱ ምትክ ከሆነች ሴት ደጅ እንደ መንገደኛ ያደረ ሰው ነኝ፤ ምን ይበሉኝ?

አፌ «ልወስዳት ነው የመጣሁ» አለ። «ደሴ ልወስዳት። መሽቶብኝ እንዳልቀሰቅሳት ብዬ ነው።»

«አላህ ይውደድህ!» አሉ ሽማግሌዎቹ። እጅ ተነስቶ ዱዓ ሊጀመር ነው። ዋሽቼ ሊመርቁኝ ነው። እናትህ በትሯን አነሳች።

«ቆዩማ» አለች። «እኔ የትም አልሄድም። እሱ ስንቴ ለምኖኛል፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እንደገና እንዳልቆጣው ፈርቶ ነው ውጭ ያደረው።» በእጇ እየዳበሰች መጥታ ትከሻዬን ያዘችው። «ግባ በል፣ ብርድ መቶሃል።»

ገባሁ። ያቀረበችልኝን በላሁ። እጇ ላይ ገና ያልደረቀ ቃጠሎ አለ። ስለ ሰኔው ነገር አንድም ቃል አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም። ቀለሙ ድንኳኑን በገዛ እጁ ነቅሎ፣ አጥፎ፣ ሞተሩ ላይ አሰረልኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሙንዚር አለመሞቷን ነግሮህ አንተ የደወልክልኝ እዚያ ቆሜ ሳለሁ ነው።

ቤት ደርሼ ለፊርደውስ ነገርኳት። ከሳቁ ጀምሬ ነበር፤ እሷ አልሳቀችም።

«ላማክራት ብለሃት ነበር? እኔን?»

«አዎ።»

«እና ከሰኔ ጀምሮ እትዬ ዘሀራ እኔን በሯን የዘጋችባት ሴት አድርጋ ነው የምታስበኝ?»

በማግስቱ ሳትነግረኝ ሚኒባስ ይዛ ገራዶ ሄደች። ከኩሽናው ጎን ያለውን ክፍል አጽድታ አልጋ አንጥፋ ነው የሄደችው። ማታ ብቻዋን ተመለሰች። ምን አለችሽ አልኳት።

«ወንድሜ ስንቴ ለምኖኛል፣ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ አለችኝ» አለች ፊርደውስ። «ለእኔ፣ ለሚስትህ! እንዳልንቅህ ብላ።» ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር የምታወራው ለቤቱ ጉዳይ ብቻ ነው። ይህ ከሆነ ሳምንት አለፈው። ሳምንቱን ሙሉም ወደ እናትህ አልሄድኩም።

የጠየቅኸኝን ልመልስልህ፤ ለሞተር ጉዞ ዛፍ ባለበት አገር አልጋውን ያዝ። ድንኳኑን እዚያው ለራስህ ግዛ፤ ይህንን እኛ አገር ሁለተኛ አልተክለውም።

ነገ ሰኞ ጧት እሄዳለሁ። መኪና ተኮናትሬያለሁ፤ ፊርደውስም አብራኝ ትሄዳለች፤ መሄዷን የነገረችኝ ጫማዋን በር ላይ በማውጣት ነው። ቀለሙንና ኩኩን፣ ያን ዕለት የነበሩትንም ሽማግሌዎች ጠርቼ እዚያው ደጃፏ ላይ እነግራቸዋለሁ። የለመነችው እሷ ናት፤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ከዚያ በኋላ መኪናው ውስጥ ትግባ አትግባ እሷ ታውቃለች። ካልገባችም የምሠራውን አላውቅም፤ ተቀምጬ እለምናታለሁ መሰለኝ።

አደራ የምልህ አንድ ነገር ነው። እስከ ነገ ማታ በሙንዚር ስልክ አትደውልላት። ብትጠይቃት አጎትህ ደግ ነው፣ አልሄድም ያልኩት እኔ ነኝ ትልሃለች፤ ድምፅዋም አይንቀጠቀጥም። ለእኔ ብላ ስትዋሽ እንድትሰማት አልፈልግም።

በሄድክበት አላህ መንገድህን ያቅናልህ። ከክፉ ባልንጀራ፣ ከክፉ መኪና ይሰውርህ። እናትህንም በዓይኗ እንድታይህ ያብቃት።

አጎትህ
ዘይኑልአቢዲን