ኮሶ ጠጥታለች ያልኩበት ቅዳሜ

ታፈሰ፣ የቤቴ ምሰሶ፣

በሞት ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። እህል በረንዳ ያለውን ሱቅ አሁን የምከፍተው እኔው ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ደላሎቹ ሴት ናት ብለው እርጥብ ጤፍ ሊያስታቅፉኝ ሞክረው ነበር። ክንዴን ከጆንያው ሥር ድረስ ሰድጄ ስዘግን ሲያዩ አደብ ገዙ። ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ!

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ልጃችን ስለ ብዙነሽ ነው። እንዳንተ ሆና ነበር። ትበላለች፣ ደግማ ትበላለች፣ ክንዷ ግን እንደ ስንደዶ ቀጠነ። ሆዷ ይነፋል፣ ያጉረመርማል፤ የሚያስቀምጣትም ቅባት የመሰለ ነው። አንተን ያስታመምኩ ነኝና ገና ሳየው አወቅኩት።

እህትህን እትዬ ደስታን ታውቃታለህ። ኮሶ ነው እንጂ ሌላ አይደለም ብላ ለቅዳሜ ጠዋት አስወቅጣ አዘጋጀች። ላንተም እንዲሁ ነበር። ያን መራራ ነገር በባዶ ሆድህ ትጨልጣለህ፣ ስትመላለስ ትውላለህ፣ ሰንበት ብለህ ቀበቶህ ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር ትበሳለህ። ኮሶዬ ከኔ ይልቅ ወፈረ እያልክ ታስቀኝ ነበር። እኔም እስቅ ነበር፣ አይ እኔ!

ልጄን ግን አላስጠጣም አልኩ። ያልኩት በሆዴ ነው፤ ከእትዬ ደስታ ጋር ማን አፍ ይካፈታል! መቼም ኮሶ የጠጣ ሰው እንግዳ አያስገባም፣ ደጁንም የሚያንኳኳ የለም። ቅዳሜ ጠዋት ኮሶውን ጓሮ ደፋሁትና እትዬ ደስታን በር ላይ ጠብቄ፣ ጠጥታለች፣ እስከ ማታ ሰው አይያት አልኳት። መርቃኝ ተመለሰች። ልጅቱን በጋቢህ ጠቅልዬ በጋሪ ሆስፒታል ወሰድኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ካስፈለገም ደግሜ እዋሻለሁ።

ሐኪሙ ዓይነ ምድሯን በማጉያ መነጽር አየ። ምግብ ሆድ ውስጥ ቢፈጭም ጉልበት የሚሆነው ቀጭኑ አንጀት ሲመጠው ነው አለኝ። የሷን አንጀት በዓይን የማይታይ ተባይ ስለለበሰው የበላችው ሳይመጠጥ ያልፋል። ወዲያው ገባኝ፤ እህል የጫነ መኪና በረንዳው ድረስ መጥቶ፣ የሚያወርድ ኩሊ አጥቶ፣ እንደጫነ መመለሱ ነው። ኮሶ ማጠጣት ደግሞ መኪናውን ማባረር። ያንተም ይኸው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሳላየው እንዴት አውቃለሁ አለኝ። እዚያው ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ኪኒን ሰጠን፣ ውሃም አፍልተሽ አጠጪ አለኝ። ብዙነሽ ቀስ በቀስ ሥጋ ለበሰች። እትዬ ደስታማ ኮሶዬ አዳናት ብላ እስከ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ድረስ አወራች። ዝም ብዬ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤታችን የከሳ ልጇን አዝላ ከእትዬ ደስታ ኮሶ ልትለምን ስትመጣ ግን አላስቻለኝም፤ ሁሉንም በሰው ፊት ዘረገፍኩት። ልጁንም በዚያኑ ቀን ሆስፒታል አደረስነው። እህትህ እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች። ታኩርፍ!

አልረሳህም፣ ታፈሰ። ቀበቶህን ከአልጋዬ ራስጌ ሰቅዬዋለሁ፤ በምስማር የበሳሃቸውን ቀዳዳዎች ጠዋት ጠዋት አያቸዋለሁ። እኔ በሕይወት እያለሁ በዚህ ቤት ሌላ ቀበቶ አይበሳም።

ያንተው ዘነበች