የኤልፒዳ እንግዶች

ሚርቶዬ፣

ልቀሰቅስሽ ነበር፤ እንቅልፍሽ አሳዝኖኝ ተውኩት። አሁን ቀረጻ እገባለሁ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ላሪሳ ከተማ ነው፣ ማታ እዘፍናለሁ። የምመለሰው ነገ ነው።

ድመቷን አብልቻታለሁ። አልበላሁም ብትልሽ እንዳታምኛት።

ዛሬ ቅድስት ኤልፒዳ የምትከበርበት፣ ስሟን የያዘች ሁሉ እንኳን አደረሰሽ የምትባልበት የኤልፒዳ የስም ቀን ስለሆነ ጎረቤቱ ሳይጠራ መምጣቱ አይቀርም። አምና ከላይ ፎቅ ያሉት ወይዘሮ ካሊዮፒ ጣፋጭ ይዘው መጥተው፣ «ኤልፒዳዬ፣ እንኳን አደረሰሽ! ያንን ባለጌ ባልሽን መቼ ነው የምታባርሪው?» አሉኝ። ባል የለኝም ብላቸው፣ «እሰይ! አባረርሽው?» ብለው አቀፉኝ።

ኤልፒዳ ቴሌቪዥን ላይ የምጫወታት ሴት እንደሆነች ለማስረዳት አትድከሚ። እኔ ሞክሬ ደክሞኛል። ላሪሳም ቢሆን ፖስተሩ ላይ ስሜ በትልቁ ተጽፎ፣ መድረክ ስወጣ የሚጮኹት «ኤልፒዳ!» እያሉ ነው። ብቻ የሚያመጡትን ተቀበይልኝ፤ አረፍ በሉ ብለሽ አጫውቻቸው።

ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከታች፣ ባቅላባ አለ።
ባለፈው ሳምንት ከቀረጻም ከልምምድም ቀርቼ፣ አዲሱን ቀሚስ ለብሼ ሳሎን የተቀመጥኩ ዕለት የገዛሁት ነው። ከሥራ ስትገቢ፣ «ምነው፣ አሞሻል እንዴ?» ብለሽ ሻይ አፈላሽልኝ። አዎ አልኩሽ።

አላመመኝም ነበር። የእኔ የስም ቀን ነበር።

ሻዩ ግን ጥሩ ነበር።

እንግዳ ከበዛ ባቅላባውንም አቅርቢላቸው። ከኤልፒዳ ነው በያቸው።

ኤቫንቲያ