ለሁለት ሰዓት ብቻ ከመጋዘን ስለሚወጣው የኢስራ ወንበር

ደሴ፣ ሰኔ 2 ቀን

ለክቡር አቶ ሀዚም፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ልጆችዎ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወገብዎ እንዴት ሆነ? ያለፈው ጊዜ ቢሮዎ ስመጣ ወገብዎን ይዘው ሲያቃስቱ ስላየሁ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ከሶላት በኋላ በዱዓዬ ረስቼዎት አላውቅም። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ወንበርዎንም ያጽናልዎ። ወንበር ከሰው ሥር ሲወሰድ ምን እንደሚመስል በቤቴ አይቻለሁና ይህን የምመርቅዎት ከልቤ ነው።

እኔ ኡሙሰልማ ሚስባህ እባላለሁ፤ ሰኞ ገበያ አጠገብ በአንዲት የስፌት መኪና የሴትና የልጅ ልብስ የምሰፋ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷ የኢስራ እናት ነኝ። ኢስራን በስም ባያስታውሷት በፎቶ ያውቋታል። በኮሪደርዎ በተሰቀለው ትልቁ ፎቶ ላይ እርስዎ የወንበሩን እጀታ ይዘው ፈገግ ብለዋል፤ ከፊትዎ የተቀመጠችው፣ አንገቷ ወደ ግራ ያዘነበለው ልጅ እሷ ናት። የጽሕፈት ቤቱን ስም ያልጻፍኩት ረስቼ ሳይሆን ለክብሩ ስል ነው። ደብዳቤዬን ሰው ሁሉ እንዲያነበው ያደረግኩትም ከድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ አስገብቼ በሦስቱም ላይ «ታይቷል» የሚል ማኅተም ስለተመታበት፣ ያልታየውን ሌላ ሰው ቢያይልኝ ብዬ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ምስጋናዬን በየተራ ላቅርብ።

1ኛ. ስለ ወንበሩ አመሰግናለሁ። ባለፈው ጥቅምት አዳራሹ ሞልቶ፣ ባነር ተሰቅሎ፣ ኢስራን ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ደግፌ ከያዝኩ በኋላ፣ ባለ ጎማውን ወንበር በገዛ እጅዎ አስረክበውናል። ሽማግሌዎች ተነሥተው መረቁ፤ እኛም እጃችንን ዘርግተን አሚን አልን። በእኛ አገር በሽማግሌ አፍ የተመረቀ ነገር አይነቀፍምና፣ ወንበሩ የአዋቂ ወንድ ልክ መሆኑን ዓይኔ እያየ ዝም አልኩ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰው ከደጄ ሲደርስ መጀመሪያ የማደርገው ሜትሩን ከአንገቴ ማውረድ ነው። ለአንዲት ልጅ ቀሚስ ትከሻዋን፣ ወገቧን፣ ቁመቷን እለካለሁ። ለኢስራ ወንበር ግን አንድ ሰው እንኳ በስንዝር ሊለካት አልመጣም። ባነሩ ግን በደንብ ተለክቶ ነበር፤ ከግድግዳው ጋር ልክክ ብሏል።

ልጄ ስትወለድ በደረሰባት ጉዳት እግሯም ወገቧም አይታዘዝላትም፤ ጭንቅላቷ ግን ማሻአላህ፣ የእኔና የእርስዎ ተደምሮ የሚደርስባት አይመስለኝም። በዚያ ሰፊ ወንበር ውስጥ ገብታ ጠፋች። እግሯ ከመርገጫው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል፣ ሰውነቷ ወደ ግራ ይንሸራተታል። በሦስተኛው ቀን ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው ኮረኮንች ላይ በግንባሯ ተደፋች።

2ኛ. ስለ ቁጥጥሩ አመሰግናለሁ። ከዚያ ውድቀት በኋላ ወንበሩን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭነን፣ ኢስራን ታቅፌ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደን ኮምቦልቻ ጀላል ዘንድ ሄድን። ጀላል በርና መስኮት የሚሠራ፣ የተሰበረ ባጃጅ የሚበይድ ሰው ነው። እኔ በሜትሬ ለካሁ፣ እሱ ቆረጠ። መቀመጫውን አራት ጣት አጠበበው፤ መርገጫውን ከፍ አደረገው፤ ቀጭኑን ጎማ አውልቆ ኮረኮንች የሚችል ሰፊ ጎማ ገጠመለት፤ ፍሬኑን አጠበቀ፤ ከአሮጌ መኪና የወለቀ ቀበቶም ደረቷን እንዲይዝላት አሰረላት። ልብስ ለልጅ ይጠብባል እንጂ ልጅ ለልብስ አትሰፋም፤ ጥፋታችን ይኸው ነው።

ክቡርነትዎ ያልነበሩበትን አንድ ነገር ልንገርዎት። ቀበቶው ሲታሰርላት ኢስራ ሁለቱንም እጆቿን አነሣች። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ እጇ እንዳትወድቅ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይዞ ነው የኖረው፤ ዴስክ፣ ግድግዳ፣ የእኔን ትከሻ። ስለዚህ ሰዎች ወንበሩ እግሯ ነው ሲሉኝ አልስማማም፤ ለልጄ እጇ ነው። በአንዱ ደብተሯን ይዛ በሌላው መጻፍ የጀመረችው ስድስተኛ ክፍል ከገባች በኋላ ነው። እኔ እዚያው ብረት መሐል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ጀላልም የብየዳ ብልጭታ ዓይኔ ገባ ብሎ ፊቱን አዞረ።

አራት ወር እንዲህ ከኖርን በኋላ፣ በመጋቢት ሁለት ተቆጣጣሪዎችዎ ፎርም ይዘው መጡ። ወንበሩን ለኩት። ለካ ጽሕፈት ቤትዎ ሜትር ነበረው። ከመዝገቡ አራት ጣት ጎድሎ ስለተገኘ «ቅርጹ ያለ ፈቃድ የተለወጠ ንብረት» ብለው ጻፉና ወሰዱት። ሲወስዱት ኢስራ ተቀምጣበት ነበር። ምስጋናዬም እዚህ ላይ ነው፤ አልገፈተሯትም። እኔ ቀበቶዋን ፈትቼ፣ አንሥቼ፣ ምንጣፍ ላይ እስካስቀምጣት ድረስ እጃቸውን አጣምረው በትዕግሥት ጠበቁኝ።

3ኛ. ቢሮዎ ስላነጋገሩን አመሰግናለሁ። ኢስራን አዝዬ ደረጃውን ወጥቼ ስመጣ፣ ወገብዎ እያመመዎት እንኳ መመሪያውን ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው አነበቡልን። በሽማግሌ ፊት አሚን ብላችሁ የተረከባችሁትን ዛሬ ልክ አይደለም ማለት አትችሉም አሉን፤ ያን ቀን ለአክብሮት ዝም ማለቴ ማስረጃ ሆኖ ቀረበብኝ። ቀጥለውም ወንበሩን ወደ ነበረበት ቅርጽ ከመለስን በማግስቱ እንደምንረከበው ቃል ገቡልን። የተቆረጠ ብረት እንደ ጸጉር እንደማያድግ ላስረዳ ሞከርኩ፤ እርስዎም እሱ የጀላል ጉዳይ መሆኑን በትሕትና አስረዱኝ።

4ኛ. ስለ ንብረት አያያዝዎ አመሰግናለሁ። የመጋዘኑ ሠራተኛ አቶ ጸጋው የልጄን ወንበር ላስቲክ አልብሰው አቧራ እንዳይነካው፣ ጎማውም እንዳይተኛ በየሳምንቱ እየነፉ አቆይተውልናል። አላህ ይስጣቸው፤ እሳቸው የያዙት ቁልፉን እንጂ ሥልጣኑን አይደለም። ያን ቀን ከሐርቡና ከደጋን ከተሞች መጥተው ከኛ ጋር ለልጆቻቸው ወንበር የተረከቡ ሁለት እናቶችንም አውቃለሁ። የሐርቡዋ ወንበሩ ላይ የውሃ ጀሪካን ትጭንበታለች፤ የደጋኗ ልብስ ታሰጣበታለች። ሁለቱም ወንበሮች አልተቆረጡም፣ ቀለማቸው አልተላጠም፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ሙሉ ሆነው ይገኛሉ። ልጆቹ መሬት ላይ ናቸው፤ በፎርሙ ላይ ግን ስለ ልጆቹ የሚሞላ ቦታ የለም።

እዚህ ላይ ምስጋናዬን ለጥቂት ላቋርጥ፤ ይቅር ይበሉኝ። ከመጋቢት ወዲህ ኢስራን በየቀኑ በጀርባዬ አዝዬ ነው ትምህርት ቤት የማደርሳት። ልጅ ያድጋል ክቡር ሆይ፤ የእኔ ወገብ ግን አያድግም። በግንቦት ዝናብ፣ ቁልቁለቱ ላይ ጭቃው አንሸራተተኝና አብረን ወደቅን። እኔ ጉልበቴን ተላጥኩ፣ እሷ የቀኝ እጇ አንጓ ዞረ። የምትጽፍበት እጇ ነው። ወጌሻ አሽቶላት አሁን ተሽሏታል፤ ነገር ግን በትምህርት ቤቱ አግዳሚ ላይ ስትቀመጥ እንዳትወድቅ በግራዋ ዴስኩን ትይዛለች፣ ወረቀቱ ደግሞ በቀኟ ሥር ይሸሻል። አንድ መስመር ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ትስተካከላለች።

የስድስተኛ ክፍል ፈተና የፊታችን ሰኞ ነው። ኢስራ የማታውቀው ነገር ቀርቦላት ብትወድቅ እናዝናለን እንጂ አንከፋም። የምታውቀውን ለመጻፍ እጅ አጥታ ብትወድቅ ግን ክፍሉን ትደግማለች፤ ሌላ አንድ ዓመት ሙሉ አዝዬ ላመላልሳት ደግሞ አልችልም። ወላሂ አልችልም። ያን ጊዜ ትምህርቷ እዚያ ላይ አለቀ ማለት ነው። በሁለት እጅ መጻፍ የልጄ ሐቅ ነው፤ የተቆለፈበትም እርስዎ መጋዘን ውስጥ ነው።

5ኛ. ስለ ጥሪው አመሰግናለሁ። ትናንት ማኅተም ያለበት ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ቅዳሜ ጧት በሚደረገው የዓመቱ ማጠቃለያ በዓል ላይ ኢስራ ለእንግዶች አበባ እንድታበረክት፣ ለዚሁም ሲባል ወንበሯ «ለሁለት ሰዓት ያህል ከመጋዘን ወጪ ሆኖ» በሥነ ሥርዓቱ ማብቂያ ወዲያውኑ ገቢ እንዲደረግ መታዘዙን ይገልጻል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለፈተና የማይወጣው ወንበር ለፎቶ ይወጣል። ሰኞ ሕገ ወጥ የሆነው ቅርጽ ቅዳሜ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ሕጋዊ ነው። ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት ሳውቀው ኖሬ ነበር፤ ላሟ ለእንግዳ ሲባል ለሁለት ሰዓት እንደምትወርድ ግን አሁን ተማርኩ።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። ቅዳሜ እንመጣለን። ኢስራን አዲስ ቀሚስ አልብሼ፣ በልኳ የሰፋሁትን፣ በሰዓቱ አደርሳታለሁ። አቶ ጸጋው ወንበሩን ያወጡልናል፤ ቀበቶዋን አስርላታለሁ፤ አበባውን በሁለት እጆቿ ይዛ ለእንግዶችዎ ትሰጣለች። እርስዎም እጀታውን ይዘው ፎቶ ይነሡ።

ከዚያ በኋላ ግን ወንበሩ ወደ መጋዘን አይመለስም። ከአዳራሹ በር እስከ ቤታችን ቁልቁለት ነው፤ ፍሬኑን ደግሞ ጀላል አጥብቆታል። ይህን ቀድሜ በአደባባይ የምነግርዎት ስርቆት እንዳይባል ነው፤ ሌባ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ አያሳውቅም። ሊያስቆሙን ከወደዱ ሰው ይላኩ፤ ነገር ግን የሚመጡት ሰዎች እንደ ባለፈው እጃቸውን አጣምረው እኔን አይጠብቁ። እኔ ቀበቶዋን አልፈታም፣ እኔ አላነሣትም። ራሳቸው ያንሧትና መሬት ላይ ያስቀምጧት፤ እንግዶችዎም ፎቶ አንሺውም እዚያው አሉ።

ያለፈው ዝምታዬ አሚን ተብሎ እንደተቆጠረብኝ የአሁኑ ንግግሬ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እየለመንኩ፣ ለእርስዎ ጤና፣ ለወገብዎ ምቾት፣ ለወንበርዎም ጽናት ዘወትር ዱዓ የማታጓድል፣

ታዛዥዎ ኡሙሰልማ ሚስባህ፣
ልብስ ሰፊ፣ የኢስራ እናት

ግልባጭ፦
ለጀላል፣ ኮምቦልቻ፣ ልብ እንዲለው ሳይሆን አብሽር፣ አይዞህ እንዲባል
ለሐርቡና ለደጋን እናቶች፣ ሜትሬን ይዤ እንደምመጣ እንዲያውቁት

ይህንን ደግሞ አልርሳ፦ ደብዳቤዬን ፊደል እንዳልስት ያረመችልኝ ኢስራ ናት፤ አንድ ጥያቄም አላት። ያን ዕለት ቢሮዎ አግዳሚው ላይ አስቀምጫት መመሪያውን ሲያነቡልን፣ እርስዎ ከወንበርዎ ሥር ያለችውን ብረት ሳብ አድርገው መቀመጫዎን ዝቅ፣ መደገፊያውን ወደ ኋላ፣ እግርዎ ወለሉን እስኪረግጥ ድረስ በልክዎ ሲያስተካክሉት አይታለች። ያ ለውጥ በየትኛው ፎርም እንደተፈቀደ ማወቅ ትፈልጋለች። ቅዳሜ አንድ ቅጂ ይዘውላት ቢመጡ እዚያው ትሞላዋለች፤ ሁለት እጅ ይኖራታል።