ሸኝቶ ቀረ

ለእትዬ፣ ለደጉም ለክፉውም ቀን እህቴ፤

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ደረጃ ላይ ሲጠዘጥዝሽ የነበረው ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ግድግዳ ይዘሽ ነው የምትወጪው? እማማ፣ አማትሽ፣ ዓይናቸው እንዴት ሆነ? ልጅሽስ ሐኪም ቤት ስትሠራ ውላ ስትመጣ ተቀምጣ ትበላለች ወይስ እንደ ድሮዋ ቆማ ቀማምሳ ትተኛለች? እኔ ደህና ነኝ። በግራ በኩል ሁለት ጥርሶቼ ጡረታ ወጥተዋል፤ የቀሩት ግን በሥራ ገበታቸው ላይ ይገኛሉ። የጎደለ ሰላምታ ካለ አንቺው ሙዪልኝ፤ አራት ዓመት የተጠራቀመ ሰላምታ በአንድ ፖስታ አይገባም።

ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈለት ብለሽ ፖስታውን አታገላብጪ። እኔው ነኝ። ፈርም ሲባል አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ይነክር የነበረው ወንድምሽ፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ፣ በገዛ እጁ የጻፈው ነው። ስምንት ወር የማታ ትምህርት ገባሁ። ክፍሉ የሕፃናት ስለሆነ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ አገጬን ይነካል። ከጎኔ የባንክ ዘበኛ፣ ከፊቴ ሁለት አትክልት ሻጮች ይቀመጣሉ። አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛው ዘበኛው ነው፤ በመሃላችን ግን አውቶቡስ ገብቶ ይዞራል። መምህራችን በዕድሜ ልጅሽን ታክላለች። "ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ፣ ፊደሉ አያመልጥዎትም" ትለኛለች። እኔ ደግሞ በመጀመሪያ ማርሽ መንዳት አልወድም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ኋላ ይጠቅምሻል። ሸ እና ኘ አስቸግረውኝ ነበር። መምህሯ ሰ ኮፍያ ሲያደርግ ሸ ይሆናል፣ ነ ኮፍያ ሲያደርግ ኘ ይሆናል ብላ ነው ያስተማረችን። ሁለቱም ባለ ኮፍያ ሆኑና ተምታቱብኝ። በመጨረሻ የራሴን ዘዴ አወጣሁ። ሽ ሁለት እግር አለው፣ ስለዚህ መሸሽ ይችላል። ኝ ግን በአንድ እግሩ ነው የቆመው፤ የትም አይሄድም፣ እዚያው ሆኖ ሌላውን ይሸኛል። መምህሯ ስቃ ስቃ ዘዴውን ሰሌዳ ላይ ጻፈችው። ዛሬ ክፍሉ በሙሉ የሚያነበው በእኔ ዘዴ ነው።

እየቀለድኩ ዙሪያውን የምዞረው ወደ ነገሩ መግባት ስለከበደኝ ነው። ልግባ።

ጄኔራሉ የጦር ልብሳቸውን ካወለቁ አራት ወር ሆናቸው። በሬዲዮ ሰምተሽ ይሆናል፤ ፓርቲ አቋቁመው አገር ለመምራት ይወዳደራሉ፤ ለምርጫው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እኔም እስከ ትናንት ድረስ ሾፌራቸው ነበርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገልኩትን ሰው ኮት ለበሰ ብዬ አልጥልም ብዬ አብሬ ወጣሁ። መጀመሪያ ቀን ሙሉ ልብስ ለብሰው ከቤት ሲወጡ እጃቸው ኮፍያ ሊያስተካክል ሄደና ፀጉር አገኘ። ባዶ እጃቸውን እንዳይመልሱ ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉ። ቢሯቸው ድሮ ፍራሽ ይሸጥበት የነበረ ቤት ነው፤ እስካሁን ስፖንጅ ስፖንጅ ይሸታል። ግድግዳው ሁሉ የእሳቸው ፎቶግራፍ ነው። በሦስት ቃል ትዕዛዝ ይሰጡ የነበሩት ሰውዬ አሁን ለአንድ ጥያቄ ሩብ ሰዓት ይመልሳሉ፤ ጠያቂውም መልሱን ሳያገኝ አመስግኖ ይሄዳል። መኪና ውስጥ በመስታወቱ ፈገግታ ይለማመዳሉ። አንድ ቀን እንዴት ነው አሉኝ። ጥርስ ሐኪም ፊት የተቀመጡ ይመስላሉ አልኳቸው። ከልባቸው ሳቁ፤ ያ ሳቅ ግን ጥሩ ነበር። እወዳቸዋለሁ፣ እትዬ። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ከዚህ በታች ያለውን በጥላቻ የጻፍኩት እንዳይመስልሽ ነው።

አማካሪ አላቸው፤ ሁለት ስልክ ይዞ በሁለቱም የማይሰማ ቀጭን ሰው። እኔ እየነዳሁ የሱቁን ሁሉ ታፔላ ጮክ ብዬ ሳነብ፣ ጄኔራሉም መንገዱን እይ እያሉ ሲቆጡኝ ሰማ። በዚያው ሐሳብ መጣለት። በእሑዱ ትልቅ ስብሰባ ላይ፣ በስፖርት ሜዳው፣ ማንበብ የተማረው ሾፌር ተነስቶ ስለ ድልድዩ ጦርነት አንድ ገጽ ያንብብ አለ። "አንተም እዚያ ነበርክ አይደል?" አለኝ። ነበርኩ አልኩት። እንግዲያው ዕቃ ቤት ግባና ስለ ድልድዩ የተጻፈ ነገር ካለ ጄኔራሉ ከጦሩ ይዘዋቸው ከወጡት የወረቀት ካርቶኖች ፈልገህ አምጣ አለኝ። ፈልግ ብሎ የላከው ማንበብ የሚችል ሰው መሆኑን እንዴት እንደረሳው እንጃ።

ስለዚያ ቀን ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ። ዛሬ ግን በጽሑፍ ይኑርሽ። ጦሩ ወደ ኋላ ሲመለስ ጄኔራሉ ገና ኮሎኔል ነበሩ፤ መኪናችን ከመጨረሻዎቹ አንዷ ነበረች። ባለቤትሽ፣ ሠራዊቱ ሁሉ ፉጨት እያለ የሚጠራው፣ ድልድዩ ሳይጀምር መንገዱ ዳር መትረየሱን ተክሎ ተኝቶ ነበር። አጠገቡ ስደርስ ነዳጁን ለቀቅ አድርጌ ና ግባ አልኩት። "እናንተ ሂዱ፣ በሩን እኔ ዘግቼ እመጣለሁ" አለኝ፤ ልክ እንግዳ እንደሚሸኝ አባወራ። ኮሎኔሉ ከኋላ ንዳ አሉኝ። ነዳሁ። በስፖኪዮ ሳየው እጁን ከፍ አድርጎ ነበር። ከተሻገርን በኋላ ድልድዩ ተመትቶ ወደቀ።

በሳምንቱ የጦሩ ጸሐፊ ቃሌን ተቀበለኝ። "ጓዶቹን ሸኝቶ ቀረ" አልኩት፤ ከዚያ የተሻለ ቃል አልነበረኝም። ጻፈ። መልሰህ አንብብልኝ ማለት አፈርኩና ጣቴን ነክሬ አተምኩ። ከዚያ ላንቺ ያ ደብዳቤ መጣ፤ ሸሽቷል የሚል፣ የሾፌሩ ምስክርነት ተያይዟል የሚል። ካምፑ በር ላይ በቆመው ድንጋይ የጓደኞቹ ሁሉ ስም ሲቀረጽ የእሱ ቀረ። እማማ ደጅ ወጥተው ከጎረቤት ጋር መቀመጥ ተዉ። እኔ ውሸት ነው፣ እንዲህ አላልኩም ብዬ ማልኩልሽ። ኮሎኔሉንም ጠየቅኳቸው፤ የበላይ አካል ስህተት ነው፣ ይታረማል፣ ታገሥ አሉኝ። እኔ ታገሥኩ፤ አንቺ ግን እስከ መቼ ትታገሺ? የዛሬ አራት ዓመት፣ "አንተ ዕድሜህን ሙሉ ስትቀልድ የኖርክ ሰው ነህ፤ እኔን ለማጽናናት ያወራኸውን ልመን ወይስ አንተው ያተምክበትን ወረቀት?" ብለሽ ስልኩን ዘጋሽው። አልተቀየምኩሽም። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን ወረቀቱን ነበር የማምነው።

እንግዲህ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ሦስተኛው ካርቶን ላይ፣ መጀመሪያ ያወቅኩት አውራ ጣቴን ነው። የሞተር ቺንጋ የቆረጠኝ ጠባሳ ምልክቱን ለሁለት ይከፍለዋል፤ እንዲህ ያለ ጣት በአገሩ ሁለት የለም። ደስ አለኝ። ይኸው ምስክርነቴ፣ አሁን አንብቤ ለእህቴ እልካለሁ ብዬ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። በመጀመሪያ ማርሽ ነው ያነበብኩት፣ አልዋሽሽም። ቀኑ ልክ ነው። የወንዙ ስም ልክ ነው። የእሱ ማዕረግ ልክ ነው። ከዚያ "ጓዶቹን" ይላል። ቀጥሎ ሸ፤ ከሸ አጠገብ ሁለተኛው ባለ ኮፍያ መጣ። እግሩን ቆጠርኩ። ሁለት ነው። ደግሜ ቆጠርኩ። እንደገና ሁለት ነው። "ጓዶቹን ሸሽቶ ቀረ።"

እኔ ጀማሪ ነኝ፣ ዓይኔ ይሆናል የሚሳሳተው ብዬ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና በምሽቱ ክፍል ለመምህሯ አሳየኋት። ይሄ ፊደል ማን ነው አልኳት። ሽ ነው ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ይህን ይስታሉ ወይ አለችኝ። ፊቴን ስታይ ቀልዱን ተወችው። ወረቀቱን የስም መቆጣጠሪያ ደብተርሽ ውስጥ አኑሪልኝ አልኳት፤ አኖረችልኝ። እትዬ፣ በአንድ ፊደል ነው። አንድ እግር ተጨምሮበት ያ ሁሉ መዓት ወረደብሽ። ከሥሩ ደግሞ የእኔ ጣት።

ሐሙስ ከስብሰባ ስመልሳቸው መኪናዋን ጥግ አስይዤ ነገርኳቸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይታዘዝ የቆመ መኪና ያ የመጀመሪያው ነው። ጸሐፊው አንዲት ፊደል ተሳስቶ ኖሯል፣ አሁን ይታረምልን አልኳቸው። ከዚያ ያ የድሮው አጭር አነጋገራቸው ተመለሰ። "ጸሐፊው ተሳስቶ ነው የጻፈው። እኔ ስፈርም አይቼዋለሁ። አላረምኩትም" አሉኝ። ለምን አልኩ። ሸኝቶ ቀረ ቢባል ማን ጥሎት ሄደ ብለው እኔን ይጠይቁኝ ነበር፣ ሸሸ ከተባለ ግን ማንም አይጠይቅም አሉ። በዚያ ዓመት ማዕረጋቸው ሊጨመር እየተጠበቀ እንደነበር አስታወስኩ። ከምርጫው በኋላ የመጀመሪያ ሥራዬ እሱን ማረም ነው አሉኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እሑድ ታነባለህ አይደል አሉኝ። ትዕዛዝ ነው ወይ ብላቸው ልመና ነው አሉ። ሲለምኑኝ የመጀመሪያ ቀናቸው ነበር። ዓይናቸው እንባ ያቀረረ መሰለኝ፤ ወይ ደግሞ እሱንም በመስታወት ተለማምደውት ይሆናል። ይህን መለየት አለመቻሌ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

ስለዚህ እሑድ ወጣሁ። ሜዳው ሞልቶ ነበር። ማይክራፎኑ ከእኔ ቁመት በላይ ነበርና አንዱ መጥቶ አወረደልኝ፤ ሰው ሳቀ። አማካሪው ጽፎ የሰጠኝን ገጽ ማንበብ ጀመርኩ። ድምፄ እንደ ዜና አንባቢ ነበር፣ ሌላው ቢቀር ይህን እመኚኝ። "ድልድዩን በመጨረሻ የተሻገሩት ጄኔራሉ ናቸው። ማንንም ጥለው" ይላል። እዚያ ላይ ቆምኩ። ቀጣዩ ቃል "አልሄዱም" ነው፤ አይቼዋለሁ፣ ማንበብም እችላለሁ። ከአፌ ግን አልወጣም። ሕዝቡ ጀማሪ አንባቢ ነው፣ ቃሉ ከብዶት ነው ብሎ አይዞህ እያለ አጨበጨበልኝ። መምህሯ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆና እንደ ክፍላችን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቃሉን ልታቀብለኝ ትሞክራለች። አዘንኩላት። ወረቀቱን አጠፍኩት።

"ከድልድዩ ማዶ የቀረ ሰው አለ" አልኩ። "የእህቴ ባል ነው። አልሸሸም። እኛን ሸኝቶ ነው የቀረው።"

ጸጥ ይላሉ ብዬ ነበር። ወይ ይጮሁብኛል፣ ወይ ጎትተው ያወርዱኛል ብዬ የመውረጃውን ደረጃ በዓይኔ እየፈለግሁ ነበር። ሕዝቡ ግን አጨበጨበ፣ እትዬ። ከቅድሙ ይበልጥ አጨበጨበ። ያ ሁሉ ሰው ስለ ጄኔራሉ ሠራዊት ጀግንነት ያወራሁ ነው የመሰለው። ጄኔራሉም ተነስተው መጡና አቀፉኝ፤ ማይክራፎኑን ይዘው ይህ ነው የእኔ ሠራዊት አሉ፤ እንደገና ጭብጨባ። ባለቤትሽን በሁለተኛ ጊዜ ድልድዩ ጋ ትተነው ስንሄድ ታየኝ። አቅፈውኝ ሳሉ በጆሮዬ፣ "ወረቀቱ የት ነው?" አሉኝ። እንጃ፣ ጣልኩት መሰለኝ አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ስናገር የመሰልኩት ያኔ ሳይሆን አይቀርም። የመኪናውን ቁልፍ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተትኩላቸውና በእግሬ ሄድኩ።

ዛሬ ጠዋት አማካሪው ክፍሌ ድረስ ሊጠይቀኝ መጣ። አንድ ቀን ደጄን ረግጦ የማያውቅ ሰው እንዴት ነህ፣ ተጨነቅንልህ እያለ ፍራሼን አነሳ፣ ጫማዬን ሳይቀር አራገፈ። የማንበቢያ ደብተሬን አገላበጠ። ፊደሎቹ ያምራሉ ብሎኝ ሄደ። እሱ እንኳ መሰከረ ማለት ነው። ክፍሉ የእነሱ ስለሆነ እስከ ሐሙስ እለቃለሁ፤ ማደሪያ ዘበኛው አግኝቶልኛል፣ ለእኔ አትስጊ። ፈራሁ ወይ ብትይኝ፣ አዎ፣ ፈርቻለሁ።

እሱ ከሄደ በኋላ ወረቀቱን ከመምህሯ ተቀበልኩ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተጣጥፏል። ዋናው ነው። ሽን አልነካሁትም። አንዱን እግሩን ልፍቀው እስክሪብቶ አንስቼ ነበር፤ መምህሯ ከፋቁት የተጭበረበረ ይመስላል ብላ ከለከለችኝ። ከነኮፍያው፣ ከነእግሩ አለልሽ። ከጣቴ ሥር ግን በእስክሪብቶ፣ "እኔ የተናገርኩት ሸኝቶ ቀረ ነው፤ ያኔ ማንበብ ስለማልችል አላየሁትም" ብዬ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። በጣት አይደለም፣ በስሜ። በሕይወቴ የፈረምኩት የመጀመሪያ ወረቀት ይህ ነው። ጄኔራሉ ስህተቱን አይተው ማለፋቸውንም በዚህ ደብዳቤ ላይ እንዳለ ለፈለግሽው ማሳየት ትችያለሽ። ለጋዜጣ ትሰጪው፣ ሳጥንሽ ውስጥ ትቆልፊበት፣ ወይ ከምርጫው በኋላ ያርሙታል ብለሽ ትጠብቂ፣ እኔ ምንም አልልም። ሌላው ሰው በሦስት ሳምንቱ ይመርጣል፤ አንቺ ፖስታውን ከከፈትሽበት ቀን ጀምረሽ ምረጪ። ሟቹ ያንቺ ነው።

እማማን ጉልበታቸውን ስመሽ ሰላም በይልኝ። ወረቀቱን ራሳቸው ማየት ካልቻሉ መጀመሪያ የጸሐፊውን፣ ቀጥሎ የእኔን አንብቢላቸው፤ ከዚያ ወንበራቸውን ደጅ አውጪላቸው። ልጅሽን ሳሚልኝ፤ አጎትሽ በክፍሉ አንደኛ ወጣ በያት፣ አውቶቡሱንም እንዳትረሺባት። ቆርቆሮ ቀጥቃጩን ጎረቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ በክፉው ዘመን ቤትሽን ደጋግሞ የጠየቀ እሱ ብቻ መሆኑን አልረሳሁም። ድመቲቱ በሕይወት ካለች እሷንም።

ከእኔና ከወረቀት ማንን ልመን ብለሽኝ ነበር። ይኸው፣ አሁን ወረቀቱም እኔው ነኝ።

ታናሽ ወንድምሽ፣ በገዛ እጄ

ከመኪና ማቆሚያው በስተጀርባ ካለችው ክፍል፣ በሩ ተዘግቶ
ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን